ፊታውራሪው መቼ ይወጣሉ

ከዚህ በታች የተጻፈው ቃል ሁሉ እውነት ነው፤ ውሸት ብናገር ሕይወቴን ይንሳኝ። የሰባ ስድስት ዓመት ሽማግሌ በሕይወቱ ቢምል ምን ዋጋ አለው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ለስኳሩ የሚሳሳው ኩንታል ያለው ነው ወይስ ሁለት ማንኪያ የቀረው? እኔ ሁለት ማንኪያ የቀረኝ ሰው ነኝና በከንቱ አልምልም። በዚህ ከተማመንን እንቀጥል።

ፊልም ዝም ብሎ ማየት የሚባል ነገር እኛ ዘንድ የለም። በወጣትነቴ እዚሁ ሐረር ሲኒማ ስንገባ የምንገባው ለማየት ሳይሆን ለማገዝ ነበር። ክፉው ሰውዬ በር ኋላ ተደብቆ ሲጠብቅ አዳራሹ በሙሉ «ከበሩ ኋላ ነው፣ ከበሩ ኋላ» እያለ ጀግናውን ያስጠነቅቃል። ጀግናው አማርኛ ስለማይሰማ ይመታል። እኛም «ነግረነው ነበር» እየተባባልን ወደ ወንበራችን እንመለሳለን። አንድ ጎረቤታችን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዱን ፊልም አምስት ቀን እየተመላለሰ አየው። ለምን ሲሉት፣ ዛሬ እንኳ ይሰማኝ ይሆናል ብዬ ነው አለ።

እንዲህ ላለ ሕዝብ የሚታገዝ ጀግና የሌለበት፣ የሚረገም ክፉ የሌለበት፣ መጀመሪያው ከመጨረሻው የማይለይ ፊልም ቢያሳዩት ምን ይሆናል? ይህን ጥያቄ ያነሣችው የእኅቴ ልጅ ቃልኪዳን ናት። አዲስ አበባ ፊልም ትማራለች። በቤተሰባችን መምህር አለ፣ ነርስ አለ፣ ወታደር ሞልቷል፤ ፊልም የተማረ ግን ከእሷ በፊት አልነበረም። እናቷ፣ ማለት እኅቴ አልማዝ፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሐሳቧ ልጇም ነርስ እንድትሆን ነበር። ቃልኪዳን ደግሞ ደም ካየች ትወድቃለች። አንድ ፋሲካ ዶሮ ሲታረድ አይታ የወደቀችው ዶሮዋ ከመውደቋ በፊት ነው።

ባለፈው ዓመት ይህች ልጅ ከነሻንጣዋ ቤቴ መጣች። ከሻንጣው ውስጥ ኮምፒውተር አውጥታ፣ ሲኒማ ገና ዳዴ በሚልበት ዘመን ፈረንጆች የሠሯቸውን አጫጭር ፊልሞች ታጠና እንደነበር ነገረችኝ። ታሪክ የላቸውም አለች። ድምፅም የላቸውም፤ ያን ጊዜ ድምፅ ገና ፊልም ውስጥ አልገባም ነበር። ታሪክም ድምፅም ከሌለው ታዲያ ምን ቀረው ብላት፣ «ዐይን ቀረዋ ጋሼ» አለችኝ። መልሱ አልገባኝም፤ ግን ደስ አለኝ።

ደግሞስ ያልገባንን ነገር ማየት ምን ነውር አለው? ከግንቡ ውጭ ጅብ ሲቀለብ ለማየት ፈረንጅ ባሕር አቋርጦ ሐረር ይመጣል። ጅቡ ሥጋውን ይቀበላል፣ ይውጣል፣ ይሄዳል። ትርጉሙ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ ፈረንጅ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

እንዲህ ያሉ ፊልሞች በፈረንጅ አፍ አቫንጋርድ ይባላሉ አለችኝ። ምን ማለት ነው? ከዋናው ጦር ቀድሞ ከፊት የሚሄድ ማለት ነው። ይህን ስትል ከወንበሬ ብድግ አልኩ። ከጦሩ ፊት ለሚሄደውማ እኛ ጥንትም ስም አለን፤ ፊታውራሪ ነዋ። ሳቀች። በአማርኛስ እናንተ ትምህርት ቤት ምን ትሏቸዋላችሁ ብላት፣ «የሙከራ ፊልም» አለች። ፊታውራሪና ሙከራ። እነዚህን ሁለት ቃላት ያዙልኝ፤ ጣጣው ሁሉ የመጣው በእነሱ ነው።

አሁን የልጅቷን ጭንቅ ልንገራችሁ። የመመረቂያ ጽሑፏን እንድትጨርስ፣ እንዲህ ያለ ፊልም አይተው የማያውቁ ሠላሳ ሰዎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተቀምጠው ማየት፣ ከዚያም ያዩትን በቅጽ ላይ መጻፍ ነበረባቸው። አዳማ ላይ ሞከረች፤ እኩሌታው ሳይደርስ አዳራሹ ባዶ ሆነ። ድሬዳዋ ላይ ሞከረች፤ በሩብ ሰዓት ውስጥ የቀረው ዘበኛው ብቻ ነበር፤ እሱም የቀረው ቁልፉ እሱ ጋ ስለሆነ ነው። ድሬዎችን አልወቅስም፤ በዚያ ሙቀት እንኳን ፊልም ሚዜነትም ያስመርራል። ሐረር የመጨረሻዋ ዕድል ነበረች። እዚህም ሰው ከወጣባት አስተማሪዋ ርዕስሽን ቀይሪ፣ ዓመቱን ድገሚ ብሏታል። አልማዝ ደግሞ የሚደገም ዓመት የለም፣ በቀጥታ ነርስነት ትገቢያለሽ ብላለች። ይህን ስትነግረኝ ክንዷን በመዳፏ ሸፈነች። መርፌው የታያት መሰለኝ።

ያን ጊዜ ወሰንኩ። ሠላሳ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ከምሳ በኋላ፣ በስድስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ስለ ሳይቤሪያ የአየር ጠባይ እያወራሁ ስልሳ ተማሪ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ አስቀምጫለሁ። እና ሠላሳ ሰው ያቅተኛል? «አንድ ሰው ሳያልቅ ቢወጣ ይህ ሽበት ይላጭ» አልኳት።

አዳራሽ አላስቸገረኝም፤ ሸዋ በር አጠገብ ያለውን የዕድራችንን አዳራሽ ጠየቅሁ፣ ፈቀዱ። መስኮቶቹን በዕድሩ ድንኳን ሸራ ሸፈንኩ። የቀረው ምስሉ የሚያርፍበት ነጭ ጨርቅ ነው። ጊደር መጋላ ገበያ ወርጄ ስምንት ክንድ አቡጀዲ ቁረጪልኝ ብላት ሻጯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማን ነው ያረፈው?» አለችኝ። ለፊልም ነው አልኳት። «በፊልሙ ማን ነው የሚሞተው?» ብላ ከልቧ አዝና ግማሽ ክንድ መረቀችልኝ።

ጨርቁን የሰፋልኝ አው ዩስፍ ነው። አው የሐረሪ ሽማግሌ የሚከበርበት መጠሪያ ነው፤ እኔ ግን አብሮ አደጌ ስለሆነ ሲያናድደኝ አው የምትለዋን እተዋታለሁ። መኪና ግርግር በሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ላይ ሃምሳ ዓመት ስፌት ላይ ተቀምጧል። አቡጀዲውን ለሁለት ቆርጦ ጎን ለጎን ገጥሞ፣ ስፌቱ የት እንዳለ ፈልገህ ብታገኝ መቀሴን እሰጥሃለሁ አለኝ። ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። ከዚያ ምን ልታሳዩ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ እኔም አላውቅም አልኩት። «ወላሂ፣ አንተ ሳታውቅ ማስተማር ድሮም ልማድህ ነው» አለኝ።

ማስታወቂያውን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ቃልኪዳን ለሁለት ቀን ጅግጅጋ ጓደኛዋ ጋ ሄዳ ነበርና አላየችውም። እንዲህ ይላል፦ «ፊታውራሪ። የሙከራ ፊልም። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በዕድሩ አዳራሽ። መግቢያ በነፃ።» ሚኒባሶቹ የሚቆሙበት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ውሸት የቱ ነው? በሉ አሳዩኝ።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ አሰገደች አስጠሩኝ። እትዬ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። አያታቸው ሐረር መጥተው ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ፣ ማዕረጋቸውም ፊታውራሪ ነበር። አንዲት የነበረቻቸው ፎቶግራፍ በቤት ቃጠሎ ጠፍታለች። እትዬ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ከፎቶግራፏ የሚያስታውሱት አያታቸው የተቀመጡባትን በቅሎ ብቻ ነው፤ ፊታቸው ጠፍቶባቸዋል። ይህን ታሪክ ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። እትዬ ከመከዳቸው ሳይነሡ ትኩር ብለው አዩኝና «የእኛን ፊታውራሪ ልታሳይ ነው አሉ» አሉኝ።

እዚህ ላይ ጨዋ ሰው አይ እትዬ፣ ስሕተት ነው ይላል። እኔም ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ነገር ግን አፌን በከፈትኩበት ቅጽበት ሒሳቡ መጣብኝ፤ እትዬ ከመጡ ልጆቻቸውና ምራቶቻቸው ይመጣሉ፣ አሥራ አንድ ናቸው። ከሁሉ በላይ እትዬ ፊት ወንበር ላይ ከተቀመጡ፣ እሳቸው ሳይነሡ ከዚያ አዳራሽ የሚወጣ ሰው ከሐረር አልተወለደም። ስለዚህ «ይምጡና ይዩት እንጂ» አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም። ግብዣ ነው። እስከ ቅዳሜ ድረስ ግን እንቅልፍ የነሣኝ ግብዣ ነበር፤ ይህንንም አስታውሱልኝ።

ቅዳሜ ሠላሳ አራት ሰው መጣ። እትዬ አሰገደች ለጥምቀት የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ጥቁር ካባ ደርበው፣ ልክ ፊት ለፊት ተቀመጡ። አው ዩስፍ ሱቁን ዘግቶ፣ የከሰዓት ጫቱን በፌስታል ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ጥጉን ያዘ። በነገራችን ላይ፣ በዓለም ላይ ለእንዲህ ዓይነት ፊልም የተፈጠረ ከተማ ካለ ሐረር ነው፤ ከሰዓት በኋላ ለሦስት ሰዓት ግድግዳ እያየ በደስታ መቀመጥ የሚችል ሰው ሌላ የት ይገኛል? ከጎጃም በውትድርና መጥተው እዚሁ የቀሩት መቶ አለቃ ታደሰም መጡ፤ የሽንት መድኃኒት እንደሚወስዱ ስለማውቅ እሳቸው አስፈሩኝ። ባለቤቴ አስካለ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ናት። እኅቴ አልማዝ እጇን አጣጥፋ ግድግዳውን ተደግፋለች፤ የነርስነቱን ፎርም በቦርሳዋ ይዛ እንደመጣች እጠረጥራለሁ።

ቃልኪዳን ፊት ቆማ፣ ዛሬ የምናሳያችሁ የሙከራ ፊልም ነው፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻ ታገሡን ብላ መብራቱን አጠፋች። እኔ ምን አደረግሁ? አዳራሹ በሩ አንድ ነው። በሩን ዘጋሁ፣ ወንበር አመጣሁ፣ የወንበሩን ጀርባ ከበሩ ጋር አጣበቅሁ፣ ተቀመጥኩበት። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ዐይኔን ሳልከድን ያንን በር ጠበቅሁ። የድሮ የግንብ ዘበኛ እንዲህ ቢጠብቅ ኖሮ ሐረር በታሪኳ ማንም ሳያንኳኳ አይገባባትም ነበር።

መጀመሪያ አንዲት ነጭ ነጥብ መጣች። ነጥቧ ክብ ሆነች፣ ክቡ አደገ፣ ጨርቁን በሙሉ ዋጠ፣ ደግሞ አንሶ ነጥብ ሆነ። ይህ ለስድስት ደቂቃ ቀጠለ። ከአው ዩስፍ ጥግ አንድ ሰው በቀስታ አንቴናውን ወደ ሐኪም ተራራ ቢያዞሩት ይሻላል ሲል ሰማሁ። ሌላው እሱ ይስተካከላል፣ ተወው አለው። ሌላ ምንም የለም። ማንም አልተነሣም። ቃልኪዳን በጨለማው ዞር ብላ አየችኝ፤ ጥርሷ በራ።

ቀጥሎ የመጡትን ፊልሞች፣ በተለይ ኋላ ቅጾቹ ላይ እንደተጻፈው፣ በዝርዝር ልነግራችሁ እችላለሁ። አንድ እጅ መሳቢያ ይከፍታል፤ መሳቢያው ውስጥ መሳቢያ አለ፤ እሱም ውስጥ ሌላ። ምራቶቹ ሁሉ ቁልፍ የጠፋባት ሴት ናት ብለው ጽፈዋል። የፈሰሰ ወተት ከወለል ተነሥቶ ወደ ማሰሮው ይመለሳል፤ አዳራሹ ባንድ ድምፅ ተመስገን አለ። ሁለት ጫማዎች ያለ ሰው መንገድ ለመንገድ ይሄዳሉ፤ መቶ አለቃ ታደሰ ሁለቱም የግራ እግር መሆናቸውን ለይተው አስመዝግበዋል። የመጨረሻው ፊልም አቧራ ብቻ ነው። አቧራ ይነሣል፣ በአቧራው ውስጥ ጥቁር ነገር ቀስ ብሎ ከግራ ወደ ቀኝ ያልፋል፤ አንዴ ይታያል፣ አንዴ ይጠፋል። ይኸው ነው።

እኔ በበኩሌ ግዴታዬን ተወጣሁ። መቶ አለቃ ሁለት ጊዜ ተነሥተው እስከ በሩ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ ከፊቴ ቆመው፣ አይተውኝ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ በጣቶቻቸው ጫፍ እየተራመዱ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። የመምህር ግርማ ሞገስ ማለት ይህ ነው።

መብራቱ ሲበራ ቃልኪዳን ሦስት ጊዜ ጋሼ ብላ ጠራችኝ። በሐሳብ ጥልቅ ብዬ ነበር። ተነሥቼ ሳይ ሠላሳ አራቱም ሰው በቦታው ነው። ልጅቷ ልታለቅስ ደረሰች። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች። እነሱም አመሰገኑ። ቅጾቹን ልታድል ተዘጋጀች። ማንም አልተንቀሳቀሰም። አሁን ዕረፍት ውሰዱ አለቻቸው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በሩን በሰፊው ከፈትኩት። ብርድ እንዳስገባባቸው ሰው አዩኝ።

በመጨረሻ መቶ አለቃ ታደሰ ቆሙ። በወታደር ሥርዓት ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሙከራው ጥሩ እንደነበር፣ ምስሉ አልፎ አልፎ ከመዝለሉ በቀር ማሽኑ መሥራቱን፣ ሕዝቡም በትዕግሥት መጠበቁን ገለጹ። ከዚያ፣ «በሉ እንግዲህ፣ ሙከራው ካለቀ ዋናውን ጀምሩት» አሉ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። አዲስ የቴሌቪዥን ጣቢያ ሲከፈት ለወራት የሙከራ ሥርጭት እያለ አንድ ፏፏቴና አንድ አበባ ሲያሳየን የኖርን ሕዝብ ነን። ሙከራ ምን እንደሆነ እናውቃለን። በሙከራ ሰዓት ማንም ትርጉም አይጠይቅም፤ ዋናው እስኪመጣ ይጠበቃል። አዳማና ድሬዳዋ ላይ ቃልኪዳን ፊልሙን ሙከራ ብላ አላስተዋወቀችውም ነበር፤ በፈረንጅኛው ነው የጠራችው። እኔ በአማርኛ ስለጻፍኩት ሠላሳ አራት ሰው አንድ ሰዓት ሙሉ ማሽን ሲፈተሽ በጨዋነት ተመልክቷል።

እትዬ አሰገደች ከፊት ወንበር ዞር ሳይሉ «ፊታውራሪው መቼ ይወጣሉ?» አሉ።

ቃልኪዳን እኔን አየችኝ። የቱ ፊታውራሪ? አንዷ ምራት ከግድግዳ ገንጥላ ያመጣችውን ማስታወቂያዬን ሰጠቻት። አነበበችው። አልማዝ ከግድግዳው ሆና፣ አየሽ በሚል ዓይነት አንገቷን ነቀነቀች። ቅጾቹ ገና ባዶ ናቸው። ሰዎቹ ተታልለናል ብለው አሁን ከወጡ፣ ያ ሁሉ መቀመጥ ከንቱ ነው፤ ልጅቷም ቀጥታ ወደ መርፌው።

ሽሽት አላውቅም። ወደ ፊት ሄጄ እትዬ እግር ሥር ተንበርክኬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ፊታውራሪ የሚባለው የፊልሙ ዓይነት ነው፣ ሌላ ፊልም የለንም፣ ያያችሁት ዋናው ነበር አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው «ዋናው ያ ነበር?» ሲል የእውነት አዝኖ ነበር።

ያዳነን አው ዩስፍ ነው። ጫቱን ከአንዱ ጉንጩ ወደ ሌላው አዙሮ ተነሣ። እኔ ከመጀመሪያው ሙከራ እንዳልሆነ ጠርጥሬያለሁ አለ። ይህን የሠራው ሰው ቆራጭ ነው፤ እጁ አይንቀጠቀጥም። ሰፊ ደግሞ ስፌቱን ይደብቃል፤ ይሄኛው ልብሱን ገልብጦ ስፌቱን ነው የሚያሳየን። «ሱብሐነላህ፣ ሃምሳ ዓመት ስደብቅ የኖርኩትን ሰውዬው አደባባይ አወጣው» አለ። ብዙ ሰው አልገባውም፤ ግን አው ዩስፍ ስለ ስፌት ሲናገር የሚከራከረው የለም።

እትዬ ይህን ሁሉ ሲሰሙ አቡጀዲውን ያያሉ። ከዚያ ቃልኪዳንን በጣታቸው ጠሯት። በአቧራው ውስጥ የሚያልፉት ሰው ማን ናቸው ሲሉ ጠየቋት። እዚህ ላይ አንዲት ትንሽ ውሸት ሁሉን ነገር ታስተካክል ነበር፤ እኔ በዐይኔ እየነገርኳት ነው። ልጅቷ ግን እንደ አጎቷ አይደለችም። «እማማ፣ እኔ አላውቅም» አለች። «ያነሣው ሰው ማን እንደሆነ አልጻፈም።»

«አታውቂም?»

«አላውቅም።»

«እንግዲያስ እኔ አውቃለሁ» አሉ እትዬ። «በቅሎዋን መች አጣኋት። መልሺና አሳይኝ።»

መብራቱ ጠፋ። ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ በዚህ ጊዜ እኔም ባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። አሁን የሚጠበቅ ሰው ስላለ አዳራሹ ወደ ድሮው ሲኒማ ተመለሰ። ክቡ ሲያድግ የፊታውራሪው ጋሻ ነው ተባለ። መሳቢያው ሲከፈት «እዚያ አይደሉም፣ ቀጥዪ» አሏት እጅዋን። አቧራው ሲነሣ ግን ማንም አልተናገረም። እትዬ ብቻ፣ በቀስታ፣ ያውና፣ አሁን ከጉብታው ወጡ፣ አሁን ልጓሟን ሳብ አደረጉ፣ ያውና ወደ እኛ ሊዞሩ ነው እያሉ ይመሩናል። ጥቁሩ ነገር በአቧራው ውስጥ ጠፋ። እትዬ እጃቸውን ከካባቸው አውጥተው ወደ ጨርቁ ዘረጉ፤ መልሰው አስገቡት። በሕይወቴ ይሁንብኝ፣ እኔም በቅሎዋን አየኋት። መቶ አለቃ ግራጫ ናት ብለው ተከራክረው ነበር፤ እትዬ ዳማ ናት ስላሉ ዳማ ሆና ጸደቀች። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ መሆኑን ያነሣ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅሬታ ብቻ ቀረበ። መቶ አለቃ ሲወጡ ለቃልኪዳን፣ የመጀመሪያው ዙር ድምፅ ነበረው፣ በሁለተኛው ለምን አጠፋችሁት አሏት። ልጅቷ ፊልሙ ድምፅ እንደሌለው አስረዳቻቸው። «ነበረው እንጂ» ብለው ወደ ሽንት ቤት ሮጡ።

ማታ ቅጾቹን ስታነብ ግራ ገባት። እትዬ «አየኋቸው፤ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው በልጃቸው እጅ አስጽፈዋል፤ እሱ መልካም። ግን ከሠላሳ አራቱ ሃያ ሦስቱ ስለ ድምፁ ጽፈዋል። ሩቅ ነጎድጓድ ያለ አለ። የእህል ወፍጮ ያለ አለ። አሮጌ ሎንቺና ዳገት ሲወጣ ያለ አለ። እትዬ ራሳቸው ከፊታውራሪው ፊት የሚሄደው ነጋሪት ነው ብለዋል። አስካለ፣ ባለቤቴ፣ አንድ መስመር ብቻ ጽፋለች፤ «ይህን ድምፅ አርባ አንድ ዓመት አውቀዋለሁ።» ቃልኪዳን ገመዱን ፈተሸች፣ ማሽኑን ፈተሸች፣ ምንም የለም። ጋሼ፣ እርስዎስ ሰሙ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምንም አልሰማሁም አልኩ። ይህ ንጹሕ እውነት ነው። በጽሑፏ ላይ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ ተመልካች ብቻ ድምፁን አልሰማሁም እንዳሉ፣ ምክንያቱም የጆሮ ድካም ሊሆን እንደሚችል አስፍራለች።

አስተማሪዋ ይህን ክፍል አንብቦ ከወንበሩ ተነሣ አሉ። ድምፅ በሌለው ፊልም ውስጥ ድምፅ የሰማ ተመልካች፤ ከምስሉ ጋር ይህን ያህል የተዋሐደ ሕዝብ አይቼ አላውቅም አለ። በአስካለ መስመር አጠገብ «ድንቅ» ብሎ ጽፎበታል። ልጅቷ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀች። አልማዝ የምርቃት ፎቶውን የነርስ ቆቧ ከሚሰቀልበት ሚስማር ላይ ሰቀለችው። አው ዩስፍ የሐረር ሰው ጆሮ ድሮም ልዩ ነው ይላል፤ እኔም አልቃወምም፤ አስካለ ግን ይህ ወሬ በተነሣ ቁጥር ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ከክፍሉ ትወጣለች።

እንግዲህ በሕይወቴ ምዬ ጀምሬያለሁና፣ ሳልጨርስ ኅሊናዬን ላጽዳ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ከራሴ የጨመርኳት አንዲት ትንሽ ነገር አለች፤ ለቃልኪዳን እንዳትነግሩብኝ። በሩን ዐይኔን ሳልከድን ጠበቅሁ ያልኩት፣ ከሁለተኛው ፊልም ጀምሮ፣ ፈጠራ ነው። መቶ አለቃ ሽማግሌ ከእንቅልፉ አይቀሰቀስም ብለው ነው ሁለቱንም ጊዜ የተመለሱት። የቀረው ሁሉ፣ የበቅሎዋን ቀለም ጨምሮ፣ እውነት ነው።